ነጩ፣ አረንጓዴው፣ ቡናማው፦ የግቢ ድንጋይ ስቲላቱራ ሲዥጎረጎር

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ሰጦ ሰመሮ አካባቢ ነው። ስለ ስቲላቱራ፣ ማለትም በንጣፍ ድንጋዮች መካከል ስላለው የሲሚንቶና የአሸዋ ሙሌት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ወንድሜ። ከሁለት ዓመት በፊት ግቢያችንን በጥርብ ጥቁር ድንጋይ አስነጠፍን። ወደ 40 ካሬ ይሆናል። ድንጋዩ አሁንም ያምራል። ስቲላቱራው ግን ተዥጎርጉሯል። መሃሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ስናጥበው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። በሮቶው በኩል ጠቁሮ አረንጓዴ ሆኗል። ከጣሪያው ጫፍ ሥር ቡናማ መስመር አለ። አማቴ በየዓመቱ ቡና የሚያሰጡበት ቦታም ጠቋቁሯል። በበሩ በኩል ያለውን ሌላ ግንበኛ ስለጨረሰው ከመጀመሪያውም መልኩ አይገጥምም። ግንበኛው በአሲድ እንጠበው ይላል። ጎረቤታችን ሲሚንቶ በጥብጣችሁ ለቅልቁበት፣ አንድ ይሆናል ትላለች። የላቫጆ ማሽን ተከራይታችሁ አስመቱት ያለንም አለ። የትኛውን እንስማ? ሲያልቅስ ቫርኒሽ ብንቀባው ይሻላል?»

እህቴ፣ ለጊዜው ማናቸውንም አይስሙ። አሲዱም፣ ልቅለቃውም፣ ላቫጆውም መልኩን ለጥቂት ጊዜ ያሳምሩት ይሆናል። ምክንያቱን ግን አይነኩም። አንዳንዱ እንዲያውም ያባብሰዋል። እርስዎ ግቢ ያለው አንድ ችግር አይደለም። ነጩ ሌላ ነው፤ አረንጓዴው ሌላ፤ ቡናማውም ሌላ። በበሩ በኩል ያለው ደግሞ ከነጭራሹ ቆሻሻ ስላልሆነ ሺህ ጊዜ ቢታጠብ አይለቅም። እሱን ወደ ጎን ብንተወው የሌሎቹ ሁሉ መነሻ ውሃ ነው። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳትዎ በፊት ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ይወቁ። ይህን ሳያውቁ የሚያወጡት ብር ከሚቀጥለው ክረምት አያልፍም።

ጅማ ውሃ የማይጠፋባት ከተማ ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወርዶ የሚያበቃ አይደለም። በልጉ ሳያልቅ ክረምቱ ይገባል፤ መስከረም ካለፈም በኋላ ይጥላል። ከሥር ያለው ቀይ አፈር ሸክላነት አለው። ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይለቅም። በላዩ ያስነጠፋችሁት ጥቁር ድንጋይ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃ እምብዛም አያስገባም። ስቲላቱራው ግን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ከላይ የሚገባው ውሃ በእሱ ይገባል። ከታች የሚወጣው እርጥበትም በእሱ ይወጣል። ውሃው የተሸከመውን ሁሉ የሚያራግፈውም እዚያው ነው። ድንጋዩ አምሮ ስቲላቱራው ብቻ ሲበላሽ ሁሉም ጣቱን ግንበኛው ላይ ይቀስራል። ሁልጊዜ ግን የእሱ ጥፋት አይደለም።

ከነጩ ልጀምር። በብዛት የምጠየቀው ስለ እሱ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኖራ ይፈጥራል። በሲሚንቶው፣ በአሸዋውና በአፈሩ ውስጥ ደግሞ በውሃ የሚሟሙ ጨዎች አሉ። ውሃ እነዚህን አሟሙቶ ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ጨው ይቀራል። ክረምት ላይ የማይታየው ነጭ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሰው በጋ ያመጣው ይመስለዋል። ውሃው የገባው ግን ክረምት ላይ ነው።

ነጩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ደረቅ ቀን ጠብቀው በጣትዎ ይሹት። ዱቄት ሆኖ ጣትዎ ላይ ከቀረ የሚሟሟ ጨው ነው። እንደ ቅርፊት ከተጣበቀና በጥፍር ካልለቀቀ፣ ኖራው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተቀይሯል ማለት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ በቢላ ትንሽ ይፋቁና ሳህን ላይ ያድርጉት። ከዚያ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። ካርቦኔት ከሆነ አረፋ ያወጣል። ይህንን መሬቱ ላይ አይሞክሩት። ስቲላቱራው ራሱ ካርቦኔት ስላለበት አረፋ አውጥቶ ያሳስትዎታል። «ስናጥበው ይጠፋል» የሚለውም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቅርፊቱም ቢሆን ሲርስ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ደግሞ ጎልቶ ይታያል።

እንደገለጹልኝ ዱቄት ከሆነ ውሃ አያስነኩት። ውሃ ሲያፈሱበት ጨው ሟሙቶ ወደ ቀዳዳው ይመለሳል። ፀሐይ ሲወጣ እሱም ይወጣል። ስታጥቡት የከረማችሁት ያንኑ ጨው ነው። ጥቂት ቀናት ዝናብ ያልጣለበትን ጊዜ ይምረጡና በደረቅ፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይጥረጉት። የሽቦ ብሩሽ ይቅር። ተሰብረው የሚቀሩት የሽቦ ቁርጥራጮች ይዝጉና ቡናማ ነጥብ ይሆናሉ። የተጠረገውን ሰብስበው ይጣሉ፤ አበባ ሥር አይድፉት። ሲመለስ እንደገና ይጥረጉ። በየዙሩ እየቀነሰ ከሄደ በሲሚንቶው ውስጥ የነበረው ጨው እያለቀ ነው። ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይቀንስ ከቀጠለ ግን ከሥር አዲስ እርጥበት እየመጣለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ግቢውን በዱቄት ሳሙና የምታጥቡ ከሆነ ተዉት። ብዙ የዱቄት ሳሙና ውስጥ ሶዲየም ሰልፌት አለ። በደንብ ተለቅልቆ ካልሄደ እሱ ራሱ ነጭ ጨው ሆኖ ይቀራል።

እርጥበቱ ከሥር መምጣቱን ማወቅ ቀላል ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ይቁረጡ። ነጩ በሚበዛበት ቦታ ያንጥፉትና አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር ያሽጉት። ማታ አድርገው በማግስቱ ይዩት። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ካላበው ወይም ስቲላቱራው ከዙሪያው ይልቅ ከጠቆረ እርጥበቱ ከመሬት እየወጣ ነው። ከላይ በኩል ብቻ ከረጠበ ጤዛ ነው፤ አይቁጠሩት።

ከመሬት ከሆነ ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው ሃርድኮሩ፣ ማለትም ከንጣፉ ሥር የተደለደለው ድንጋይ ነው። ሃርድኮር የሚደረገው ሸክም እንዲችል ብቻ አይደለም። በትልልቆቹ ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት ውሃ ከአፈሩ ወደ ላይ እንዳይሳብ ይቆርጠዋል። ብዙ ጊዜ ግን ሠራተኛው ክፍተቱን በዚያው በተቆፈረው ቀይ አፈር ይሞላዋል። ያኔ ሃርድኮሩ አለ፣ ጥቅሙ ግን የለም። ሥራውን የተከታተለ የቤተሰብ ሰው ካለ ይጠይቁ። ወይም ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ አስነስተው ይዩ። ሁለተኛው ከጎን የሚመጣ ውሃ ነው። ግቢያችሁ ተዳፋት ላይ ከሆነ፣ የላይኛው ጎረቤት ግቢ ውሃ በእናንተ ንጣፍ ሥር አቋርጦ ይሄዳል። መፍትሔው ንጣፉን ማፍረስ አይደለም። በላይኛው ጠርዝ በኩል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ያስቆፍሩ። በንጹሕ ጠጠር ይሞላና መውጫ ይበጅለት። የንጣፉ ስሎፕም ይለካ። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ውሃ ልክ የሚባለው መለኪያ ከሌለ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተው የሚቋጥርበትን ቦታ ያያሉ።

አሁን ወደ አሲዱ። ግንበኛዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ጠንካራው ቅርፊት በብሩሽ አይነሳም፤ አሲድ ያነሳዋል። ችግሩ አሲድ ቅርፊቱንና ስቲላቱራውን አይለይም። ሁለቱንም ይበላል። ሲሚንቶውን በልቶ አሸዋውን ያጋልጠዋል። የሻከረው ገጽ በሚቀጥለው ክረምት ከበፊቱ የባሰ ቆሻሻ ይይዛል። በተጨማሪም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብረት ያለበትን ድንጋይ ሲነካ ቢጫ እድፍ ሊያወጣ ይችላል። ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ብረት አያጣም። ስለዚህ 40 ካሬውን በሙሉ በአሲድ ማጠብ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ቅርፊት ባለበት ቦታ ብቻ፣ መጀመሪያ በአቼቶ ይሞክሩ። አቼቶ ካልበቃ ለሰድር ማጽጃ የሚሸጠውን አሲድ አንድ እጅ ለአሥር እጅ ውሃ ያቅጥኑ። ሁልጊዜ አሲዱ ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው፤ ውሃ ወደ አሲድ ከተጨመረ ሊፈናጠር ይችላል። የፕላስቲክ ባልዲ፣ ጓንት፣ መነጽርና ቦቲ ያስፈልጋል። ስቲላቱራውን አስቀድመው በውሃ ያርሱት። ቀዳዳው ውሃ ከጠገበ አሲዱ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ከዚያ በብሩሽ ቀብተው፣ አረፋው ሲቀንስ በብዙ ውሃ ያጥቡ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ሰው በማያየው ጥግ ላይ ይሞከር፤ ደርቆ ታይቶ ነው ወደ መሃል የሚኬደው።

ከጋራዥ የሚመጣ የባትሪ አሲድ ግን በፍጹም አይግባ። እሱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከሲሚንቶው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ጅብሰም ይፈጥርና ስቲላቱራውን ያፈርሰዋል። «አሲድ ያው አሲድ ነው» ብሎ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ አይጠፋም። ጀሪካኑን አሳዩኝ ይበሉ።

በሮቶው በኩል ያለው አረንጓዴና ጥቁር ነገር አልጌና የድንጋይ ሽበት ነው። ጥላ፣ እርጥበትና ትንሽ አፈር ካገኘ ይበቅላል። እዚህ ላይ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ሮቶው ሞልቶ ይፈስሳል? ብዙ ቤት ውስጥ ይፈስሳል። የውስጡ ተንሳፋፊ ኳስ ተበላሽቶ ወይም ቧንቧው እየተንጠባጠበ ወራት ያልፋሉ። መጀመሪያ እሱን ያሠሩ። የሚያጠላ ቅርንጫፍ ካለ ይቁረጡ። ከዚያ በውሃና በጠንካራ ብሩሽ ይፈግፍጉት። የቀረውን በበረኪና ይጨርሱት። አንድ እጅ በረኪና ለአምስት ወይም ለስድስት እጅ ውሃ በቂ ነው። 15 ደቂቃ ያህል ያቆዩትና ፈግፍገው በብዙ ውሃ ያጥቡ። ውሃው ወደ ጎመኑ መደብ እንዳይሄድ ይጠንቀቁ።

እዚህ ጋ ቆም ብለው ያንብቡልኝ። በረኪናና አሲድ በአንድ ቦታ መገናኘት የለባቸውም። አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል። አረንጓዴውን በበረኪና ካጸዱ ነጩን ቅርፊት በሌላ ቀን፣ ቦታው በደንብ ከታጠበ በኋላ ይሥሩት። ልጆችና ዶሮዎችም በዚያ ቀን ከግቢው ራቅ ይበሉ።

ላቫጆውን በአጭሩ ልለፈው። ያ ማሽን ጭቃ ከመኪና ለማውረድ ጥሩ ነው። ሁለት ዓመት በጨው የከረመን ስቲላቱራ ግን ቆፍሮ ያወጣዋል። ያልወጣውንም ውሃ ያጠግበዋል፤ ነጩ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከጣሪያው ጫፍ ሥር ያለው ቡናማ መስመር ዝገት ነው ብዬ እገምታለሁ። ቀና ብለው የቆርቆሮውን ጫፍ ይዩ። የዛገ ከሆነ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የዝገት ውሃ በዚያው መስመር ይንጠባጠባል። አሸንዳ ካልገባለት ወይም ያለው ካልተጠገነ ማጽዳቱ ከንቱ ነው። ቀይ አፈር ተፈናጥሮም ሊሆን ይችላል። ከጣሪያ ላይ የሚወርድ ውሃ መሬቱን ሲመታ አፈሩን ያነሳዋል። ልዩነቱን በፈሳሽ ሳሙናና በብሩሽ ያውቁታል። አፈር ይለቃል፤ ዝገት አይለቅም። ዝገት ከሆነ የሎሚ ጭማቂ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ሲትሪክ አሲድ በሶፍት ነክረው ላዩ ላይ ያስተኙት። 15 ደቂቃ ያህል ቆይተው ይፈግፍጉና ያጥቡ። አንድ ዙር ካልበቃ በሌላ ቀን ይድገሙት እንጂ እዚያው ቀኑን ሙሉ አያሳድሩት፤ ሎሚም ስቲላቱራ ይበላል። በረኪና ደግሞ ለዝገት አይሆንም። ዝገቱን ይበልጥ ያጸናዋል።

እና ቡናው። ይህን ጥያቄ ከሌላ ከተማ አላገኘውም፤ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። እሸት ቡና ላዩ ላይ ሲደርቅ ከቅርፊቱ ስኳርና ታኒን ያለው ጭማቂ ይወጣል። ስኳሩ ሻጋታ ይጠራል። ታኒኑ ደግሞ በአሸዋውና በቀዩ አፈር ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናል። ስለዚህ እድፉ ግማሹ ሻጋታ፣ ግማሹ ቀለም ሊሆን ይችላል። በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይጀምሩ። ካልለቀቀ ፋርማሲ የሚገኘውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሞክሩ። ሶፍት ነክረው ያስተኙት፤ ቶሎ እንዳይደርቅ ላስቲክ ያልብሱት፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያንሱና ያጥቡት። በጣም የጠቆረውና በዚህ ያልሄደው ከብረት ጋር የተያያዘው ነው፤ እንደ ዝገቱ በሎሚ ይያዛል። ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን ጥቂት ጥላ ቢቀር አልጨነቅም።

አማትዎን ግን ከዚህ ዓመት ጀምሮ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የቀርከሃ አልጋ ላይ ቢያሰጡ ይሻላል ብለው ያማክሯቸው። ለስቲላቱራው ብለን አይደለም። መሬት ላይ የደረቀ ቡና ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ የአፈር ሽታ ይስባል፤ ከላይም ከታችም አየር ሲያገኝ እኩል ይደርቃል። «ስቲላቱራው ተበላሸ» ከምትል ምራት ይልቅ «ቡናው ይሻለዋል» የምትል ምራት ትደመጣለች። አልጋው እስኪሠራ ደግሞ አሲድ፣ በረኪና ወይም ቫርኒሽ የነካው ንጣፍ ላይ የሚጠጣ ቡና አይሰጣ።

የቀረው የበሩ በኩል ነው። ሥራ የሚበዛውም እዚህ ነው። ሁለት ግንበኛ አንድ መልክ ያለው ስቲላቱራ የማያወጡበት ምክንያት ብዙ ነው። አሸዋው ከሌላ ወንዝ ይመጣል። ሲሚንቶው አንዱ ጋ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ)፣ ሌላው ጋ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ይሆናል። አንዱ በባልዲ ይለካል፣ ሌላው በአካፋ በግምት ይጨምራል። ውሃ የበዛበት ሲደርቅ ይነጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የማሸት፣ ማለትም ገጹን በብረት የማለስለስ ሰዓቱን ነው። ገና እርጥብ ሳለ በብረት የታሸ ነጣ ይላል፤ ከጠነከረ በኋላ የታሸ ይጠቁራል። ስለዚህ አንድ ሰው እንኳን ጠዋትና ከምሳ በኋላ ሁለት መልክ ሊያወጣ ይችላል። ቶሎ እንዲደርቅለት ደረቅ ሲሚንቶ የሚነሰንስበትም አለ። ያ ይሰነጣጠቃል፣ ይዥጎረጎራል።

ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ይተዉት። ጊዜ ሁለቱንም ያቀራርባቸዋል። ዓይን የሚወጋ ከሆነ ግን መንገዱ አንድ ነው፦ የበሩን በኩል አውጥቶ እንደገና መሥራት። ጎረቤትዎ ያለችው ልቅለቃ ለዚህ አይሆንም። ቀጭን ሲሚንቶ አሮጌው ላይ አይዝም። አንድ ክረምት ሳይሞላው ይላጣል፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው ግራጫ ሽፋን ግን አይለቅም። ያኔ ያማረውንም ድንጋይ አጣችሁ ማለት ነው።

እንደገና ሲሠራ አሮጌው በመሮና በመዶሻ ይውጣ። በግራይንደር (በመቁረጫ ማሽን) ይፈጥናል፤ ግን የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። የተበላ ጠርዝ ደግሞ አይመለስም። ጥልቀቱ የክፍተቱ ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን። ክፍተቱ አንድ ሳንቲ ሜተር ተኩል ከሆነ ሦስት ሳንቲ ሜተር ይውጣ። ግንበኛ የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ላይ ላዩን ፍቆ መሙላት ይወዳል። በሜትር ለክተው ይረከቡ። ከዚያ አቧራው ተጠርጎ፣ ክፍተቱ ይርጠብ፤ ውሃ ግን አይቋጥር።

አሸዋውን ከመግዛትዎ በፊት በሃይላንድ ጠርሙስ ይፈትኑት። እስከ ግማሽ አሸዋ ያድርጉ፤ ውሃና ቁንጥር ጨው ይጨምሩ፤ በደንብ ነቅንቀው እስከ ነገ ያስቀምጡት። አሸዋው ከሥር ይተኛል፣ ጭቃው ከላይ ይቀመጣል። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ወይ ይታጠብ፣ ወይ ይመለስ። የአገራችን ደረጃም 6 በመቶ ነው የሚለው። ጭቃ የበዛበት አሸዋ ስቲላቱራውን ከማድከሙም በላይ የራሱን ቀለም ይዞ ይመጣል። ከዚያ በቀጭን ወንፊት ይነፋ። ድብልቁ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ለሦስት ባልዲ አሸዋ ይሁን፤ በዚያው ባልዲ፣ እኩል ተሞልቶ። ውሃው ጥቂት ነው፤ በእጅ ሲጨመቅ ቅርጹን የሚይዝ፣ ውሃ የማያንጠባጥብ።

መልኩን ለማመሳሰል ናሙና ያሠሩ። ትንሽ ትንሽ ድብልቅ፣ ሲሚንቶውን ወይም አሸዋውን እየቀያየሩ፣ ውድቅ ድንጋይ ላይ ይሠራ። እርጥብ ሆኖ አይፍረዱ። የሲሚንቶ መልክ የሚረጋው በ28 ቀን ገደማ ነው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ደርቆ፣ ከተጠረገው አሮጌ ስቲላቱራ ጎን ተቀምጦ ይታይ። ማጥቆሪያ ቀለም ካስፈለገ የብረት ኦክሳይድ የሆነው ብቻ ይግባ። ከሲሚንቶው ክብደት 10 በመቶ አይለፍ፤ ካለፈ ያደክመዋል። በሁሉም ባልዲ እኩል ተመዝኖ ካልገባ ደግሞ አዲስ ዥጉርጉር ገዛችሁ ማለት ነው። ለሙሉው ሥራ የሚበቃ ሲሚንቶና አሸዋ በአንድ ጊዜ ይግዙ። ሥራው የሚያልቅበት ድንበርም ባለበት ይሁን። ከበሩ እስከ ደረጃው፣ ወይም እስከ አበባው መደብ። ሜዳ መሃል ላይ የሚቆም አዲስ ሥራ ምንም ቢገጥም ያስታውቃል።

ሲሞላ በአንዴ አይጠቅጠቅ። አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር እየሆነ በጠባብ ብረት ይጠቅጠቅ። አውራ ጣት ሲጫኑት ምልክት የሚያስቀር፣ ግን የማይጣበቅ ሲሆን ይታሽ። ሁሉም በዚህ ልክ ላይ ሲደርስ ይታሽ እንጂ ግንበኛው ሲመቸው አይደለም። ድንጋዩ ላይ የነካው በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ወዲያው ይጠረግ። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ላስቲክ አያልብሱት፤ የነካው ቦታና ያልነካው ቦታ መልክ ይለያያል። ጆንያ ጥሩ ነው፤ አዲስ ከሆነ ግን ቀለም ስለሚለቅ አስቀድሞ ይታጠብ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። የቀትር ፀሐይ እንዳይመታው ጠዋት ይጀመር።

ቫርኒሹን አሁን አይግዙ። ላዩን የሚሸፍን ቫርኒሽ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት ያፍናል። እርጥበቱ ሲታፈን ቫርኒሹ ከሥሩ ይነጣል፣ ይላጣል፤ ያኔ ቫርኒሹንም ጨውንም መፋቅ ሊኖርብዎት ነው። የላስቲክ ሙከራው በጋ ላይ ደረቅ ከሆነና ነጩ ካቆመ በኋላ የግድ ካሉ፣ ላይ ላዩን ሳይሸፍን ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ እርጥበት ግን የሚያስወጣ ዓይነት ይፈልጉ። ጣሳው ላይ ሲሌን ወይም ሲሎክሴን የሚል ይኖረዋል። የሚያብረቀርቀውን ሻጩ ቢያስጎመጅዎትም ይለፉት፤ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ አማትዎም የሚመላለሱት በዚያው ግቢ ነው።